ያልታሰበ ዓርብ በቧሂት

በሰሜን ተራሮች ላይ በረዶ ለብሶ ያደረ መሬት ማየት የሚፈልግ ሰው ወራቱን ካላወቀ ባዶ እጁን ይመለሳል። ችግሩ የብርድ ማነስ አይደለም፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ከቧሂት ተራራ በታች ያደረ መንገደኛ ጠዋት የሚጠጣው ውኃ በላስቲኩ ውስጥ ረግቶ ያገኘዋል። ችግሩ ብርዱና ዝናቡ በየተራ መምጣታቸው ነው። ዝናቡ የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ሲሆን፣ በዚያ ጊዜ ፀሐይ ወደ አናታችን ትጠጋለች፤ እንዲያውም ነሐሴ አጋማሽ ላይ ቀትር ሲሆን ልክ ከሰሜን ተራሮች አናት ላይ ትውላለች። ብርዱ በሚበረታበት ወራት ደግሞ ሰማዩ ጠርቶ ደመና የሚባል ነገር እምብዛም አይታይም። ውኃውና ብርዱ በደንብ የሚገናኙት እንግዲህ በወቅቶቹ ጠርዝ ላይ ነው፤ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ የመጨረሻዎቹ ደመናዎች ገና ከገደሉ ሥር እየተነሡ፣ ሌሊቱ ግን አስቀድሞ መቀዝቀዝ ሲጀምር። እነዚያ ቀናት ጥቂት ናቸው፤ ቀጠሮ ይዞ የሚያገኛቸውም የለም።

እኔ ያገኘሁት በ2010 ዓ.ም. መስከረም ማለቂያ ላይ፣ በደመናው ቸርነት ነው። የምሠራበት መሥሪያ ቤት ለሠራተኞቹ ሥልጠና አዘጋጅቶ ነበር፤ አሠልጣኙም ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሊመጡ ነበር። ከቀትር ጀምሮ ጎንደርን የሸፈነው ደመና ግን እስከ ማታ አልተነሣም፤ አውሮፕላኑም አልመጣም። ምሽት ላይ ሥልጠናው ወደ ሰኞ መዛወሩንና ዓርብ ዕለት ማንም መግባት እንደማያስፈልገው የሚናገር አጭር መልእክት ስልኬ ላይ ገባ። እንዲህ ያለው ዕረፍት ከዓመት ፈቃድ በጣም ይለያል። የዓመት ፈቃድ ገና ሳይመጣ ጠያቂው ብዙ ነው፤ የዘመድ ጥየቃው፣ የቤቱ ጣሪያ፣ ዓመት ሙሉ የተንጠለጠለው ጉዳይ ሁሉ ተሰልፎ ይጠብቀዋል። በድንገት የተገኘ ቀን ግን የሚጠይቀው ሰው የለም፤ ማንም አላወቀውም፣ ማንም አላሰበበትም።

በዚያ ሰሞን የአክስቴ ልጅ መስቀልን ከቤተሰብ ጋር ልታሳልፍ ከኖርዌይ መጥታ እኛ ቤት አርፋ ነበር። ኦስሎ ውስጥ በነርስነት ትሠራለች፤ ከሥራ በተረፋት ጊዜ ደግሞ ተሳፋሪ ወደ ላይ የሚያወጣ ገመድ ባልተዘረጋበት፣ መንገዱም ባልተጠረገበት ተራራ ላይ በገዛ እግሯ በስኪ፣ በእግር በሚታሰር የበረዶ መንሸራተቻ፣ ትወጣና ትወርዳለች። እናቴ ይህን ነገር ፎቶግራፉን አይታ እንኳ ሙሉ በሙሉ አላመነችም፤ በመኪና የሚኬድ አገር ውስጥ ሰው ለምን እንጨት ተጫምቶ ተራራ ይወጣል ባይ ናት። መልእክቱን ሳነብላት የአክስቴ ልጅ መስኮቱን ከፍታ ወደ ሰሜን ተመለከተችና፣ «ወንድምዓለም፣ እዚህ ዝናብ የሆነው ደመና እላይ ምን ሆኖ እንደሚወርድ አስበኸዋል?» አለችኝ።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። ወደ ላይ በተወጣ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀንሳል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ላይ ናት፤ ቧሂት ደግሞ 4,430 ሜትር ነው። በሁለቱ መካከል የ15 ዲግሪ ልዩነት አለ ማለት ነው፤ ስለዚህ ጎንደር ላይ ሌሊቱ 12 ዲግሪ ሲሆን ጫፉ ላይ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ከዚህ በኋላ የቀረው መኪና መፈለግ ብቻ ነበር፤ እሱንም ከባልንጀራዬ ላይ ተዋስን፤ ከኋላው ባዶ የማዳበሪያ ከረጢቶች የተጣሉበት አሮጌ ፒክአፕ ነው። ዓርብ በመሆኑና የጽጌም ጾም የሚገባበት ሰሞን ስለነበር እናቴ ስንቁን የጾም አደረገችው፤ በሶውን በጨውና በበርበሬ ለውሳ ጭብጦ አድርጋ፣ ቆሎውን በጨርቅ ቋጥራ፣ «ደርሶ ለመመለስ? ምን ጠፍቷችሁ?» እያለች ሰጠችን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። እኛ የጎንደር ከተማ ሰዎች በሰሜን ተራሮች እንኮራለን እንጂ አንሄድባቸውም። እንግዳ ሲመጣብን ስለ ዋልያና ስለ ራስ ደጀን አፋችንን ሞልተን እንናገራለን፤ ከመካከላችን ዋልያን ከቢራ ጠርሙስ ውጭ ያየው ስንቱ እንደሆነ ግን ቢቆጠር ያሳፍራል። ፓርኩ ለፈረንጅ የተሠራ ይመስለናል፤ ፈረንጁም የሚመጣው ከጥቅምት ጀምሮ መንገዱ ሲደርቅና ሰማዩ ሲጠራ ነው፤ እኛም ያንኑ ተከትለን ከጥቅምት በፊት ያለው ወራት የጭቃ ወራት ነው ብለን ተቀብለናል። በእኔ ግምት ግን ተራራው በጣም የሚያምረው ጎብኚው ገና ሳይደርስበት፣ እርጥቡም ብርዱም አብረው ባሉበት በዚያ ጠባብ ጊዜ ነው።

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሣን። ኮሶዬ ስንደርስ ገና ጨለማ ስለነበር ከገደሉ በታች ያለው ቆላ አልታየንም፤ ወገራን ስናቋርጥ ነጋ። የወገራ ገብስ በዚያ ሰሞን ማሸት ጀምሯል፤ ከመንገዱ ግራና ቀኝ አረንጓዴውና ቢጫው ተቀላቅሎ፣ በየማሳው ዳር የአደይ አበባ ቆሞ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ እስከ ዳባት ዓይን የሚያርፍበት ጉድለት አልነበረም። ደባርቅ የገባነው አንድ ሰዓት ሳይሞላ ነው፤ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። የአክስቴ ልጅ ሻይ ቤት ደጃፍ ላይ ቆማ በእጅ ስልኳ የከፍታውን ቁጥር አየችና ሳቀች። የኖርዌይ ትልቁ ተራራ ጋልድሆፒገን የሚባለው ሲሆን ከፍታው 2,469 ሜትር ነው፤ ደባርቅ ግን፣ ጫማ አሳማሪውና የበግ ነጋዴው የሚተላለፉባት ከተማ፣ 2,850 ሜትር ላይ ተቀምጣለች። እዚያ የአገሩን አናት ለመርገጥ ሰው ገመድ ታጥቆ ይወጣል፤ እዚህ ቁመቱን አልፈን ሻይ በዳቦ እንበላለን። የከፍታ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ በረዶው የእኛ ነበር፤ ልዩነቱ ኦስሎ በ60ኛው፣ ሰሜን ተራሮች ደግሞ በ13ኛው ዲግሪ ኬክሮስ ላይ መሆናቸው ነው።

ደባርቅ ያለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ሲከፈት የመግቢያውን ከፍለን አንድ ስካውት ተመደበልን። ያለ ታጣቂ ስካውት ወደ ፓርኩ መግባት አይፈቀድም። የደረሱን ሰው ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የሚጠጋ፣ ጋቢያቸውን ከላይ ደርበው ክላሻቸውን በትከሻቸው ያንጠለጠሉ፣ በእግራቸው ኮንጎ ጫማ ያደረጉ ነበሩ። የአክስቴ ልጅ የራሷን ጫማ አየች፣ የሳቸውን አየች፤ ውኃ የማያስገባ፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ፣ ዋጋው የአንድ በሬ ያህል የሚሆን ጫማ አድርጋ ነበርና ምንም አልተናገረችም። «አያ፣ እላይ በረዶ ይኖር ይሆን?» አልኋቸው። «ትላንት ማታ ሲያንጎደጉድ አምሽቷል፤ ጨነቅ ላይ ከሌለ ከዚያ በላይ አይታጣም» አሉን። ጨነቅ ከቧሂት ሥር ያለ የድንኳን ማረፊያ ነው።

ከደባርቅ በኋላ አስፋልቱ ያበቃል። ክረምቱ የበላው ጠጠር መንገድ ገና አልተጠገነም ነበር፤ ቡይት ራስን አልፈን ሳንቃ በር እስክንደርስ ድረስ ሁለት ቦታ ላይ ወርደን ድንጋይ እያነሣን አለፍን። ሳንቃ በር ላይ የድንኳን ምልክት አልነበረም፤ በጥር ብንመጣ ማቆሚያ አናገኝም ነበር። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ግን ነበሩ። ከመንገዱ ዳር በርከት ብለው ተቀምጠው፣ በሁለት እጃቸው ሣር እየነጩ፣ እርጥቡን ከአፋቸው ከማስገባታቸው በፊት አራገፍ እያደረጉ ይበላሉ፤ አንዱ ትልቅ ወንድ ደረቱ ላይ ያለውን ቀይ ገላ ወደ ፀሐይ አዙሮ ጎፈሩ ላይ የቀረውን ጤዛ ያደርቃል። መኪናችን በቅርብ ሲያልፍ አንዳቸውም ቀና አላሉም።

ስካውቱ የግጭ ሰው ነበሩ። ግጭ በፓርኩ መካከል ያለ መንደር ነበር፤ ነዋሪዎቹ በ2008 ዓ.ም. ገደማ ከዚያ ተነሥተው ደባርቅ ዳር እንዲሰፍሩ ተደርገዋል። ዩኔስኮ ሰሜን ተራሮችን እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከመዘገባቸው የመጀመሪያዎቹ ቦታዎች መካከል አስገብቶት ነበር፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ከተተው፤ ከዚያ ዝርዝር የወጣው ደግሞ እኛ በሄድንበት ዓመት፣ በ2017፣ ከእኛ ጉዞ ሁለት ሦስት ወራት ቀደም ብሎ ነው። ለመውጣቱ ከረዱት ነገሮች አንዱ የግጮች መነሣት ነው። ሣሩ ማገገሙ እውነት ነው፤ እሳቸው «አሁን ጓሳው ይህን ያህል ሆኗል» ብለው እስከ ወገባቸው ሲያሳዩን ግን ድምፃቸው ውስጥ ደስታው ብቻውን አልነበረም። ልጆቻቸው ተወልደው ያደጉበት ቤት ላይ የበቀለ ሣር ነው። በዚህ ነገር ላይ አንድ ወገን ይዞ በቀላሉ የሚፈርድ ሰው ሁለቱንም ያላየ ይመስለኛል።

ጨነቅ 3,620 ሜትር ላይ ነው። መኪናውን አቁመን ስንወርድ በረዶው ከፊታችን ነበር። ከእግራችን ሥር ሳይሆን ከላይ፣ ወደ ቧሂት በሚወጣው ተዳፋት ላይ፣ በገመድ የተለካ ይመስል ከአንድ ከፍታ በላይ ያለው ጓሳ ሁሉ ነጥቷል። ተዳፋቱ ወደ ምዕራብ የዞረ በመሆኑ የጠዋት ፀሐይ አልደረሰበትም፤ ሌሊት የወረደው እንዳለ ይጠብቀናል። ሩጫው ከፀሐይ ጋር መሆኑን ሦስታችንም ያለ ንግግር ተረዳን። ስካውቱ ቀድመው መንገዱን ያዙ፤ የአክስቴ ልጅ ከፒክአፑ ላይ አንድ የማዳበሪያ ከረጢት አንሥታ አጣጥፋ ከቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «ይታያል» አለች።

የአስታ ቁጥቋጦውን አልፈን ጅባራ ወዳለበት ስንወጣ መሬቱን በቅርብ አየሁት። የወረደው ከሽንብራ ያነሰ፣ ነጭ፣ በጣት ሲጫኑት የሚፈርስ ጠጠር በረዶ ነው፤ በላዩ ላይ ደግሞ ሌሊቱን የተነሰነሰ፣ ቅርጹ በዓይን የሚለይ ደቃቅ ብናኝ አርፎበታል። ጓሳው መካከል ሰርጎ ሥሩን ሞልቶታል፤ ስትረግጠው በመጀመሪያ ይቋቋምሃል፣ ከዚያ ይሰጥና ጫማህ ከሣሩ ጋር አብሮ ይወርዳል። ጅባራው ላይ ደግሞ በየቅጠሉ ብብት ውስጥ አንድ አንድ እፍኝ ተሰብስቧል። ጅባራ ለዓመታት ቅጠል ብቻ ሆኖ ኖሮ አንድ ጊዜ ከሰው ቁመት በላይ የሚረዝም አበባ አውጥቶ የሚሞት ተክል ነው፤ ገና ያላበበ አንዱን ጎንበስ ብዬ ብመለከት፣ የውጭ ቅጠሎቹ በረዶ ተሸክመው ወደ ታች ሲያዘነብሉ የመካከለኛው እምቡጥ ግን እርስ በርሱ ተጠቅልሎ አንዲት ቅንጣት እንኳ አላስገባም።

ከ4,000 ሜትር በላይ አየሩ ይሳሳል፤ የሚገባልህ ኦክስጅን በባሕር ወለል ላይ ከሚገኘው 60 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ሌሊት ጎንደር የተኛ ሰው ጠዋት እዚያ ሲቆም ጭንቅላቱ መክበዱ አይቀርም፤ እኔም ጥቂት እየተራመድሁ ጥቂት እየቆምሁ ነበር የምወጣው። ለዚህ ነው ወሬው የበዛው፤ በየማረፊያው ስካውቱ የአክስቴን ልጅ ስለ ስኪው ይጠይቋታል። «ቁልቁለቱስ ይሁን፤ ዳገቱን በምን ትወጪዋለሽ?» አሏት። ከስኪው በታች ቆዳ እንደሚለጠፍ ነገረቻቸው። ድሮ የባሕር እንስሳ፣ የሲል ቆዳ ነበር፤ ዛሬ ከአንጎራ ፍየል ፀጉር ወይም ከናይለን ይሠራል። እሳቸው ግን ይህን አልተቀበሉትም። «ቆዳማ ያንሸራትታል እንጂ መቼ ያቆማል? እኛ ልጅ ሆነን እርጥብ ሣር ላይ በላም ቆዳ አይደል ስንንሸራተት የዋልነው?» አሉ። ፀጉሩ ወደ ኋላ የተኛ መሆኑን በእጇ ስታሳያቸው ግን ገና ሳትጨርስ ገባቸው፤ «አዎ፣ ቆዳን በፀጉሩ አቅጣጫ ጎትተሽው ትሄጃለሽ፣ ገልብጠሽ ስትጎትቺው መሬት ይነክሳል» ብለው ራሳቸው አስረዷት። ጫፍ ሲደረስ ቆዳው ተልጦ ይጠቀለላል፤ ሲወጡ ክፍት የነበረው የተረከዝ ማሰሪያ ለመውረድ ይቆለፋል።

ኖርዌይ ውስጥ የስኪ ወቅት መባቻ በኅዳር ገደማ ነው፤ ሰዉ በጋውን ሙሉ ስኪውን ሲያይ ከርሞ የመጀመሪያው በረዶ እንደወረደ አላስችል ይለዋል። እሷ ግን ያን ጊዜ ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚፈልግ አድርጋ ነው የምታየው። አንደኛ፣ በረዶው ስስ ስለሆነ ድንጋዩን ይሸፍነዋል እንጂ አያስቀረውም፤ ስኪ የሚሰበረውና ጉልበት የሚጎዳው ያን ጊዜ ነው። ሁለተኛውን ነገር ለማስረዳት ብዙ ቆየች። ስስ በረዶ ከሥሩ የመሬቱ ሙቀት፣ ከላዩ የጠራው ሌሊት ብርድ ሲይዘው፣ ውስጥ ያለው ቅንጣት ቀስ በቀስ ይለወጥና እርስ በርሱ የማይያያዝ ሻካራ ይሆናል፤ ወር ቆይቶ ከባድ በረዶ ሲጫንበት ያ የታችኛው ንብር ይከዳና ተዳፋቱ በሙሉ ይናዳል። ናዳው የሚበዛው ቁልቁለቱ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሆነበት ነው፤ ለስኪ የሚመረጠውም ያው ዓይነት ቁልቁለት ነው። ስለዚህ ማንም ያለ አካፋ፣ ያለ መፈለጊያ ዘንግና ያለ ምልክት መላኪያ መሣሪያ አይወጣም፤ ናዳ የቀበረውን ሰው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ካላወጡት ተስፋው በፍጥነት ይመነምናል። ስካውቱ ዝም ብለው ሲሰሙ ቆዩና «ታዲያ እዚያ ለመሄድ ምን ቁርጥ አድርጎሽ?» አሏት። እናቴ ብትሰማ በአንድ ቃል ትስማማ ነበር።

በረዶው ከቁርጭምጭሚት በታች ነበር፤ ነፋስ ያጠራቀመበት ሰርጥ ውስጥ ብቻ እስከ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል። ከዛሬ 1,500 ዓመት በፊት፣ በ6ኛው መቶ ዘመን፣ ኮስማስ የተባለ ነጋዴ አዱሊስ ወደብ ላይ ቆሞ ካየው የድንጋይ ዙፋን ላይ የግሪክኛ ጽሑፍ ገልብጦ ነበር፤ ጽሑፉ ስሙ ያልቀረ የአክሱም ንጉሥ ዘመቻዎቹን የሚዘረዝርበት ነው። ንጉሡ ከወረራቸው መካከል ከዓባይ (ተከዜን ማለቱ ሳይሆን አይቀርም) ማዶ ያሉትን የሰሜን ሰዎች ሲጠቅስ፣ ተራሮቻቸው ለመውጣት አስቸጋሪና በበረዶ የተሸፈኑ መሆናቸውን፣ ሰውም በዚያ በረዶ ውስጥ እስከ ጉልበቱ እንደሚሰምጥ ይናገራል። ጦር መርተው የሄዱ ሰዎች የችግራቸውን ልክ ከፍ አድርገው መናገራቸው የተለመደ ነው፤ እኔ ግን በዚያ ጠዋት በኮንጎ ጫማ የሚወጡትን ሰው ከኋላ እየተመለከትሁ፣ ባዶ እግሩን ለሆነ የአክሱም ወታደር ቁርጭምጭሚትና ጉልበት ያን ያህል እንደማይራራቁ አሰብሁ። ከዚያም በፊት፣ ምድር ሁሉ በቀዘቀዘችበት ዘመን፣ በቧሂትና በራስ ደጀን ዙሪያ ከዓመት እስከ ዓመት የማይቀልጥ የበረዶ ግግር ነበር፤ እየተንፏቀቀ ገፍቶ የከመረው የድንጋይ ክምር ዛሬም አለ።

ሰርጡ ጋ ስንደርስ ከረጢቱ ወጣ። የአክስቴ ልጅ በጓሳ ሞልታ ልትቀመጥበት አስባ ኖሯል፤ እጇን ወደ ሣሩ ስትዘረጋ ስካውቱ «ልጄ፣ ፓርክ ውስጥ ሣር አይነጭም» ብለው አስቆሟት። ሥራ ሥራ ነው። በሣሩ ፋንታ የዝናብ ልብሷን አጣጥፋ ከተተችበት፤ ቁልቁለቱን በእግሯ ወርዳ ከበረዶው በታች ድንጋይ ያለበትን በዘንጓ እየወጋች ለየች፤ ተመልሳ ወጥታ ተቀመጠችና እግሯን አንሥታ ለቀቀችው። እንዲያ ይፈጥናል ብዬ አላሰብሁም ነበር። ያ ጠጠር በረዶ በናይለኑ ከረጢት ሥር የሚያሰማው ድምፅ ቆሎ ሲታመስ እንደሚሰማው ነው፤ ከመቅጽበት ከሰርጡ ማዶ ደርሳ በጎኗ ወደቀችና እዚያው ተኝታ ስትስቅ ሰማናት።

ተራው የእኔ ሆነ። የምናገረው ብዙ የለኝም፤ ሆድ ወደ ላይ የሚሸሽበት አንድ አፍታ አለ፣ ከዚያ በኋላ ጅባራዎቹ በግራና በቀኝ ያልፋሉ፣ ፊት ላይ የሚረጨው በረዶ ያቃጥላል፣ እሷ የለየችውን መስመር ትንሽ እንደሳትህ ደግሞ ድንጋይ ከታች ራሱን ያስተዋውቅሃል። እየደጋገምን ወጣን፣ ወረድን። አንድ ኢትዮጵያዊ፣ አዲስ አበባ የተወለደው ሮቤል ተክለማርያም፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ በ15 ኪሎ ሜትር የስኪ ውድድር ሲሰለፍ በክረምት ኦሊምፒክ አገሩን የወከለ የመጀመሪያው ሰው ሆኗል፤ በ2010ም ቫንኩቨር ላይ ደግሟል። የእኛን ቢያይ ምን ይል እንደነበር እንጃ። ስካውቱን ጋበዝናቸው፤ «ክላሽ ይዤ?» አሉ። መሣሪያቸውን ከእጃቸው እንደማያወጡ ስለምናውቅ አልገፋንም፤ ሆኖም ከሰርጡ አፍ ላይ ቆመው «ወደ ግራ! ወደ ግራ!» እያሉ ከእኛ በላይ ተጫውተዋል።

ጥቂት ቆይቶ ፀሐይዋ ከጫፉ በላይ ብቅ አለች፤ በረዶው ወዲያው ጠባዩን ቀየረ። ላዩ ረጠበ፣ ከጓሳው ሥር ውኃ መንጠባጠብ ጀመረ፣ ከረጢቱም እየያዘ አልሄድ አለ። ወደ ቧሂት ጫፍ የሚወስደውን መንገድ ቀጠልን። ከበሩ፣ ከተራራው መተላለፊያ፣ ላይ ቢደረስ በስተ ምሥራቅ የመሸሃ ሸለቆና ከማዶው ራስ ደጀን ይታያል፤ ለዚያ እኔ ጓጉቼ ነበር። ነገር ግን ያው ፀሐይ ቆላውን ማሞቅ ከጀመረች ቆይታለች፤ እርጥቡ አየር የገደሉን ግድግዳ ይዞ ወደ ላይ እየወጣ፣ እየቀዘቀዘ፣ ደመና እየሆነ ነበር። በመጀመሪያ ከገደሉ አፍ ላይ ጭስ መሰል ነገር ታየ፤ ጥቂት ሳይቆይ ጨነቅ ከእይታችን ጠፋ። ከሩቅ አንጎደጎደ።

የአክስቴ ልጅ ቆመች። ኖርዌይ ውስጥ ሕፃን አዋቂው የሚያውቃቸው ዘጠኝ የተራራ ሕጎች አሉ፤ ስምንተኛው በጊዜ ተመለስ፣ መመለስ ነውር አይደለም ይላል። እሷ እሱን ስትጠቅስ እኔ የራሳችንን ነገር አሰብሁ፤ ጎንደር ውስጥ አድጎ ጀምሮ መተውን እንደ ውርደት ያልቆጠረ ወንድ ከወዴት ይገኛል? ከእናቴ ቤት እስከ ባልደረቦቼ ድረስ «ጫፉን ረገጣችሁት?» የሚል ጥያቄ እንደሚጠብቀኝ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ በዚያ ቀን መመለሱ ቅንጣት አልከበደኝም፤ ምክንያቱን ያገኘሁት ቁልቁለቱን ስንጀምር ነው። ለወራት ያቀድሁት፣ ፈቃድ የጠየቅሁበት፣ ገንዘብ ያጠራቀምሁበት ጉዞ ቢሆን ኖሮ ጫፉ ዕዳ ይሆንብኝ ነበር፤ ሰዉ በመብረቅ መካከል የሚወጣው ለዚያ ዕዳ ሲል ነው። ዓርቡ ግን የእኔ አልነበረም፤ ከደመናው የተዋስሁት ነው፤ ደመናው ተመልሶ ሲጠይቀኝ የምከራከርበት ነገር አልነበረኝም። ስካውቱም ከእኛ ቀድመው ዞረዋል፤ ሕጉ ስምንተኛም ይሁን አንደኛ ግድ አልነበራቸውም።

አዲሱ በረዶ የደረሰብን ጨነቅ ልንገባ ስንል ነው። መኪናው ውስጥ ገብተን፣ ጣሪያው ላይ ሲደበድብ እየሰማን የእናቴን ጭብጦ በላን። ስካውቱ ከስንቃቸው የባቄላ ቆሎ አወጡ፤ የአክስቴ ልጅ ከኖርዌይ ያመጣችውን ቸኮላት አቀረበች፤ ወተት እንዳለበት አንብባ ስትነግራቸው «ዓርብ ነው» ብለው መለሱላት፤ እሷም አስባ ወደ ቦርሳዋ መለሰችው። ከሰዓት በኋላ መንገዱ ጭቃ ስለሆነ ሳንቃ በርን ለማለፍ ብዙ ጊዜ ወሰደብን፤ ጅንባር ፏፏቴ ከጉም ውስጥ በድምፁ ብቻ ነው የታወቀን።

ደባርቅ ስንደርስ ስካውቱን ቤታቸው አጠገብ አወረድናቸው። የቀን ክፍያቸውን ከተቀበሉ በኋላ ትንሽ አመንትተው ወደ ፒክአፑ ኋላ ተመለከቱ። «ያ ማዳበሪያ አልተቀደደም መሰለኝ» አሉ። የገብሱ አጨዳ ደርሷል፤ ከረጢት ደግሞ በዚያ ወራት ይወደዳል። የአክስቴ ልጅ የተንሸራተትንበትን አራግፋ፣ ከባልንጀራዬም ሁለት ጨምራ ሰጠቻቸው፤ ለባልንጀራዬ የምከፍለው እኔ ነኝ።